ስም አልባ ቀስቶች

ታናሽ እህቴን የሥራ ጓደኞቿ «ቀስት» ይሏት ነበር። ፈጣን ስለሆነች አይደለም፤ ከቤታችን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ስንሄድ እኔ በዚህ ባመመኝ ጉልበቴ እቀድማታለሁ። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን ትልልቅ ሥዕሎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ዓይን ከመሃሉ ተሰንጥቆ፣ የባቄላ ፍሬ ለሁለት ተከፍሎ፣ እንቁራሪት በጀርባዋ ተንጋላ ሆዷ ተከፍቶ፣ በዳርና በዳር ስሞች ተደርድረው፣ ከየስሙ ቀጭን ቀስት ወጥቶ የተባለውን ነገር ነክቶ። እነዚያን ሥዕሎች የሚሠራ ሰው አለ ብሎ የሚያስብ የለም። እህቴ ዕድሜዋን የገፋችው እነሱን ስትሠራ ነው፤ በቀስት አሰማመር ደግሞ የሚያክላት አልነበረም።

እናታችን ስትሞት እሷ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ያኔ ነው፤ ሳልመለስበትም ቀረሁ። ልብስ መተኮስ ለመድኩ፣ ዛሬም የምኖረው በካውያ ነው። የኔ ታናሽ፣ የሷ ታላቅ የሆነው ወንድማችን ሌላ ከተማ ሄዶ አገባ፣ ወለደ፣ እዚያው ቀረ። እህቴን ማሳደግ ከባድ አልነበረም፤ የሰጧትን ትበላለች፣ ያለበሷትን ትለብሳለች። ከባዱ ጥያቄዋ ነው። ዓሣ ስጠርግ አጠገቤ ቁጢጥ ትላለች።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«አንጀቱ ነዋ።»

«ከአንጀቱ ሥር ያለችውስ?»

«እሷን አላውቃትም።»

«ስም የላትም?»

«ይኖራታል። ለኔ አልነገረችኝም።»

ያቺን አረንጓዴ ነገር መዳፏ ላይ አድርጋ ስሟን ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረች። ጎረቤቶቻችን ለብዙ ጊዜ ልብሳቸውን ሊያስተኩሱ ሲመጡ «ልጅቷስ፣ ዛሬ ምን ይዛ ትመጣለች?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ስም የሌለው ነገር እሷን እንቅልፍ ይነሳት ነበር።

ትምህርቷን ስትጨርስ የትምህርት መርጃ ሥዕሎች የሚሠሩበት ወርክሾፕ ገባች። ረጅም ክፍል ነው፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ፣ ጠረጴዛዎቹ እንደ ጣሪያ ያዘነበሉ፣ ወለሉ በቻይና ቀለም የተዥጎረጎረ። ምሳ ላደርስላት ስሄድ አንድም ሰው ቀና አይልም። ኃላፊያቸው ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ አዲስ የሚቀጠርን ሁሉ አስቀምጠው የሚነግሩት ነገር አላቸው። ቀስት ቀስትን አያቋርጥም። የቀስት ጫፍ አየር ላይ አይቀርም። ምን እንደሆነ የማታውቁትን ነገር አትሳሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ሆኖ ይሠራል። አንደኛው ስም ያለበት ነው፣ ለማስተማሪያ። ሁለተኛው ያው ሥዕል ሆኖ በስሞቹ ፋንታ ቁጥር ብቻ ያለበት ነው፣ ለፈተና። ሁለቱ ተደራርበው በክር ይታሰራሉ፤ የቁጥሩ ከላይ፣ የስሙ ከሥር። በመንገድ ያየው ሁሉ መልሱን እንዳያነብ ነው። ማተሚያው እዚያው ግቢ ውስጥ ስለነበር አታሚው ሳይነገረው ክሩን ፈትቶ ሁለቱንም ያትማል። እህቴ ስትገባ እንደዚያ አገኘችው፣ እንደዚያው ስትሠራ ኖረች። ለምን ብሎ የጠየቀ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ከጊዜ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ በፕላስቲክ ላይ የታተመ ሥዕል ከሌላ ቦታ ማስመጣት ጀመሩ፤ ቀጥሎም ሥዕሉን ግድግዳ ላይ የሚወረውር መሣሪያ መጣ። ወርክሾፑ እንደ ሻማ አለቀ። መጀመሪያ አታሚው ተሰናበተ፣ ከዚያ ሽማግሌው ጡረታ ወጡ፣ በመጨረሻ እህቴና ዘበኛው ቀሩ። እሷም የሚዘጋበት ቀን ሲነገራት ያዘነበለውን ጠረጴዛዋን ለምና ወሰደች። ሳሎናችን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ስናስገባው ለኔ የካውያ ጠረጴዛ የቀረው ቦታ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል ነው።

ወንድማችን ይህን ሲሰማ ደወለ። ጩኸቱ ከስልኩ አልፎ ይሰማል።

«ምን ትሠራለች ከእንግዲህ? እኔ ጋ ትምጣ። ክፍል አለ፤ ልጆቹን እያየች ትኖራለች።»

«ጠረጴዛዋስ?» አልኩት።

«የምን ጠረጴዛ?»

«የሥዕሏ።»

«እትዬ ሙች፣ እዚህ ቤት የሰው መቆሚያ አጥተናል፣ አንቺ ጠረጴዛ ትያለሽ!»

እህቴ ትሰማ ነበርና ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ሥራ እስከምታገኝ ጊዜ ስጠኝ ብላ ለመነችው፣ እሱም እሺ አለ። ካላገኘች እንደምትሄድ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ጨዋ ናቸው። እዚያ ከገባች ግን ብዕር እንደማትይዝ እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ።

አንድ እሑድ በር ተንኳኳ። አጭር፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው፤ አድራሻችንን ዘበኛው ሰጥቶት ነው የመጣው። ልብስ ሊያስተኩስ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሱ እኔን አልፎ እህቴን አየ።

«የመንጋጋ ጥርሱን ሥዕል የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ስህተት አለው?»

«ኧረ ምንም የለው!» አለና ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

የጥርስ ሐኪም ነው። ያ ሥዕል ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሽተኛው መርፌ ተወግቶ ድዱ እስኪደነዝዝ ሲጠብቅ፣ ሐኪሙም ሌላ የሚሠራው ስለሌለ፣ ሁለቱም ጥርሱን ያያሉ። ከብዙ ማየት የተነሳ ጥርሱ ከተማ መሰለው። መሃል ላይ ያለው ክፍተት አደባባይ፣ ሥሮቹ ወደ ታች የሚወርዱ መንገዶች። ቤቱ ገብቶ መጻፍ ጀመረ። ሲጽፍ ሲጽፍ ጥርሱ አውሬ ሆነ፤ በደረቅ ሜዳ ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ ግዙፍ አውሬ፣ ሆዱ ውስጥ ሕዝብ የሚኖርበት። ሰዎቹ እዚያው ስለተወለዱ ውጭ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቁም። በመጽሐፉ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚፈልጉት የአውሬውን ልብ ነው፤ ይሰማቸዋል፣ አያገኙትም።

«ያነበበው ሁሉ ጠፋብኝ ይለኛል» አለ። «ማን የት እንዳለ፣ የቱ ከየቱ በላይ እንደሆነ። አሳታሚዋ በሥዕል ካልተብራራ አላትምም ብላኛለች። ሰዓሊዎች ጋ ሄድኩ፤ ዘንዶ ሳሉልኝ፣ ክንፍ ሁሉ የቀጠሉለት አሉ። እኔ የምፈልገው እንደ ጥርሱ ነው። የሌለ ነገር ሆኖ፣ አለ እንዲመስል።»

እህቴ እጇን ጭኖቿ መሃል ቀብራ ትሰማለች። የሌለ ነገር ስላ አታውቅም።

«አሳታሚዋ ሥዕሉን ከወደደችው» አለ ሐኪሙ፣ «ሁለተኛውና ሦስተኛው መጽሐፍም የእርስዎ ነው። ሌሎች ደራሲዎችም አሏት።»

ያኔ ካውያዬን አነሳሁት፣ ሸሚዙ ሊቃጠል ነበር።

ሥራው በዚህ ተጀመረ። ሐኪሙ እሑድ እሑድ ይመጣል፣ እህቴ ጥያቄዎቿን አጠራቅማ ትጠብቀዋለች። እኔ እየተኮስኩ እሰማለሁ።

«ሰዎቹ ሆዱ ውስጥ ከሆኑ የሚበላው ነገር በላያቸው ላይ አይወርድባቸውም?»

«ሁለት ሆድ አለው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አላነበቡትም እንዴ?»

ፊቷ ቀላ። በሳምንቱ የተጻፈውን ሁሉ አንብባ ጠበቀችው፤ ከዚያ በኋላ እሱ የረሳውን እሷ፣ እሷ ያልገባትን እሱ እየነገራት ይስማሙ ጀመር።

«የሰዎቹ የማዕድ ቤት ጭስ በየት ይወጣል?»

«በአፍንጫው። ሲያስነጥስ ከተማው ሁሉ ይነቃነቃል።»

«እጣቢውስ?»

ሐኪሙ አሰበ። «እሱን አላሰብኩበትም።»

እህቴ ከጎድን አጥንቶቹ ሥር አንድ ትንሽ ከረጢት ሳለች። እጣቢውን ሁሉ ተቀብላ የምትጨምቅ፣ ስትጨምቅም ቀን ከሌት የምታጉተመትም።

«ስሟ ማን ይሁን?» አለ ሐኪሙ።

«ጉምጉም» አለች እህቴ፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

ጉምጉም በልጅነቷ ለኔ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ ስተኩስ አጉተመትማለሁ ብላ። ሐኪሙ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔም «ይሁን፣ እጣቢ መቀበል ለኔ አዲስ አይደለም» ብዬ ወደ ሸሚዜ ተመለስኩ።

የተጣሉት በአውሬው ልብ ነው።

«ልቡን የት ላድርገው?» አለችው።

«አይታወቅም። ሰዎቹ ሲፈልጉት ነው የሚኖሩት አልኩሽ እኮ።» ከሥራው ብዛት እሱ «አንቺ» ማለት ጀምሮ ነበር።

«እነሱ አያውቁትም። እርስዎስ?»

«እኔም አላውቀውም።»

«እንግዲያው አልስለውም።»

«ልብ የሌለው አውሬ እንዴት ይሄዳል?»

«ምን እንደሆነ የማላውቀውን አልስልም፣ ዶክተር። የተማርኩት እንደዚያ ነው።»

ያን ቀን ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። እህቴ ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተጎንብሳ ከረመች። በሚቀጥለው እሑድ «የት እንደሆነ አውቄዋለሁ» አለችው። ሐኪሙ ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ ደቅኖ «እንዳትነግሪኝ!» አለ። የስሙን ወረቀት ሳያይ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ ብሎ፣ ለአሳታሚዋ እንድታደርስ ነገራት።

ሥዕሉ ሲያልቅ አየሁት። ስለ ሥዕል የማውቀው ነገር የለም። አውሬው ከአፍንጫ እስከ ጭራ ተሰንጥቋል፤ ደረጃዎች፣ በአጥንት ላይ የተንጠለጠሉ ቤቶች፣ ውሃ የሚያንጠባጥቡ ቱቦዎች፣ ሁሉም በየቦታው። አንዱም ቀስት ሌላውን አያቋርጥም። ብዙ አሳፋሪ ነገር ካልሲ ውስጥ ያየሁ ሰው ነኝ፣ በቀላሉ አልደነቅም፤ ግን ካውያውን ነቅዬ ቆሜ አየሁት።

እህቴ እንደ ልማዷ ሁለት አድርጋ ሠራችው። የቁጥሩን ከላይ፣ የስሙን ከሥር አድርጋ በክር አሰረችና ለአሳታሚዋ ጸሐፊ ሰጥታ መጣች። የነገረቻት ነገር የለም፤ ሥዕል ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሰጠው፣ ምን ይነገራል?

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ አሳታሚዋ ራሷ በራችን ላይ ቆመች። ረጅም ሴት ናት፣ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ገባች። መጽሐፉን የእህቴ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ይሄ ምንድነው፣ እህት?»

እህቴ አየችው። አውሬው አለ፣ ቀስቶቹ አሉ። በየቀስቱ ጫፍ ቁጥር አለ። ስም ግን የለም።

«የፈተናው ነው» አለች።

«የምን ፈተና?»

«የስሙ ከሥር ነበር።»

«ከሥር የነበረውን ቅጂ ነው ብለን መለስንልሽ እኮ! ማን ሁለት ሥዕል ጠየቀሽ? አንድ ሥዕል ነው ያልኩሽ። ደራሲው መልሱን አላይም ብሎ ሸሸ፣ አታሚው ከላይ ያገኘውን አተመ፣ አሁን መጽሐፉ በየሱቁ ገብቷል። ለማብራራት ያስገባሁት ሥዕል ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሆነ!»

«ሁልጊዜ ሁለት ነው የምንሠራው» አለች እህቴ።

«ማነው ‹እኛ›?»

ወርክሾፑ በሸክላ ዕቃ መጋዘንነት ከተከራየ ቆይቷል።

አሳታሚዋ ስትወጣ ለሁለተኛው መጽሐፍ ሌላ ሰው እንደምትፈልግ ተናገረች። አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። እህቴ መጽሐፉን ዘግታ ቁጭ አለች። ተጠቅልሎ ተመልሶ የመጣውን የስሙን ወረቀት፣ ታትሞ ያለቀ መስሏት ክሩን ያልፈታችውን፣ ከአልጋዋ ሥር አወጣች። አየችው፤ ወጥ ቤት ገብታ የዕቃ ማስቀመጫው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፈችው። በሩ ሲዘጋ አይታይም። «እዚህ ይሁን» አለች። «ለወንድምጋሼ ደውዪለት።»

ደወልኩ። ምን አደርጋለሁ?

ወንድማችን ቅዳሜ መጣ። ልብሷን እሱ ባመጣላት ሻንጣ ከትታ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች፤ ብዕሮቿን ጠቅልላ ለኔ ሰጥታኛለች። እሱ ጠረጴዛውን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄንስ ትሸጡታላችሁ?»

«ማን ይገዛዋል? የዘመመ ጠረጴዛ ላይ ሾርባ አይቀመጥ» አልኩት።

«እትዬ፣ አታኩርፊ። ለሷም ላንቺም ብዬ ነው።»

«አላኮረፍኩም። ፊቴ እንዲህ ነው።»

እህቴ ሳቀች፤ አሳታሚዋ ከመጣችበት ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። በዚያ መሃል ሐኪሙ ሳያንኳኳ ገባ። ከክሊኒክ የወጣው ጋውኑን እንደለበሰ ነው። እጁ ላይ መጽሐፉ አለ፤ ዳርና ዳሩ ቆሽሿል።

«እይው!» አለ፤ ወንድማችንን ጨርሶ አላየውም።

መጽሐፉን የበሽተኞች መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ጉንጯ ያበጠ አንዲት ሴት በእርሳስ የአንዱን ቁጥር ስም ጽፋ ተገኘች። ቀጥሎ የገባው በሽተኛ የሷን ሰርዞ ሌላ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ላይ ያልጻፈ የለም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የአውሬውን ጉሮሮ አንዱ «የገበያ መግቢያ»፣ ሌላው «አማቴ» ብሎታል። ጉምጉም ያለችበት ቦታ ላይ በቀጭን የሴት ጽሕፈት «ወጥ ቤት፤ እዚህ ሰው አለ፣ አትርሱ» ተብሎ ተጽፏል። ከሁሉም በላይ የተጨቃጨቁት በልቡ ነው። የአውሬው እያንዳንዱ ዕቃ ላይ፣ ጭራውም ሳይቀር፣ አንድ ሰው «ልቡ ይሄ ነው» ብሎ ጽፎበታል።

«ጥርሱ የታመመበት ሰው ተራህ ደርሷል ሲሉት ቆይ ይለኛል!» አለ ሐኪሙ። «ሁለቱ እየተከራከሩ አብረው ሊገቡ ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ስህተቱን ያስተካክለዋል?» አለች እህቴ።

«ለአሳታሚዋም ደውለውላታል፤ የመጽሐፍ ሻጮቹ። ገዢዎቹ ትክክለኛው መልስ የት ነው እያሉ እየተመለሱ ነው። ይፈለግላችሁ ሲባሉ ደግሞ እንዳትነግሩን ይላሉ። ነገ ትመጣለች።»

ወንድማችን ሰዓቱን አየ፣ ሻንጣውን አየ። «እስከ ነገ ልጠብቅ?» አለኝ።

«ሶፋው ላይ ትተኛለህ» አልኩት።

አሳታሚዋ በማግስቱ ከሐኪሙ ጋር መጣች፤ ይህን ጊዜ ጃንጥላዋን አጠፈች። ስህተት ነበር ወይም ይቅርታ የሚል ቃል አልተነፈሰችም፤ እሷ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለችም። ለሁለተኛው መጽሐፍ ሥዕል እንደምትፈልግ፣ እሱም እንደ መጀመሪያው ቁጥር ብቻ እንዲኖረው ነገረችን። «ስሙን አትሠሪውም፣ ጊዜሽን አታጥፊ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ አራታችንም እህቴን እናያለን። ወንድማችን እጁ ሻንጣው እጀታ ላይ ነው። እሺ ብላ እንደምትገላገል ነበር የጠበቅሁት።

«እንደዚያ አልሠራም» አለች።

ሐኪሙ ግንባሩን ያዘ። አሳታሚዋ «ምን?» አለች።

«ስሙን ሳላውቅ ቁጥር አልሰጥም። ቁጥር ከስም በኋላ ነው የሚመጣው። ሁለቱንም እሠራለሁ። የቁጥሩን እሰጥሻለሁ፣ የስሙ እዚህ ይቀራል።»

«ማንም የማያየውን ምን ያደርግልሻል?»

«ቀስቱ አየር ላይ እንዳይቀር።»

አሳታሚዋ ትከሻዋን ነቅንቃ «እንደፈለግሽ፤ የምቀበለው ግን አንዱን ነው። እንዳታስሪያቸው!» አለች።

ወንድማችን በከሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ። ሻንጣው የሱ ስለነበር ልብሷን አውጥተን ባዶውን ሰጠነው። ደጃፍ ላይ «ለማንኛውም ክፍሉ አለ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ሕይወታችን ብዙ አልተለወጠም። እኔ እተኩሳለሁ፣ እሷ ትስላለች፣ በጎን በጎን እየተላለፍን እንውላለን። ሐኪሙ እሑድ እሑድ ይመጣል። ሲመጣ እጁን መታጠብ ይወዳል፣ ቧንቧው ደግሞ ወጥ ቤት ነው ያለው። የዕቃ ማስቀመጫው በር ክፍት ሊሆን ይችላል ብሎ አንድ እጁን ዓይኑ ላይ ጭኖ፣ በሌላው ግድግዳውን እየዳበሰ ይገባል። ሦስተኛውን መጽሐፍ ጽፎ ሳይጨርስ የአውሬው ልብ የት እንዳለ ማወቅ አይፈልግም። እኔ ስኳር ባወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። አንዳንዴ ልብስ የሚያስተኩሱ ሰዎች፣ መጽሐፉን ያነበቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ልቡ ይጠይቁኛል።

«ሸሚዙ ነገ ይደርሳል» እላቸዋለሁ።